ውድ የስፒከር ገመድ ልግዛ ወይስ መጀመሪያ የሚስተካከል ነገር አለ? (ደሴ)

የጦሳ ሥር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሳሎኑ 4 በ5 ሜትር፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ ነው። አምፕሊፋየሩ በየጎኑ 40 ዋት፣ ስፒከሮቹ 8 ኦም፤ ቡፌው ላይ ግራና ቀኝ ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ማሲንቆ ሲመጣ ጆሮ ይወጋል፣ ቤዙ ይድበሰበሳል፣ ቻርጀር ላይ ያለ ላፕቶፕ ሲሰካ ደግሞ "እምምም" የሚል ድምፅ አለ። ወፍራም ገመድ፣ የብረት እግርና ስታብላይዘር ለመግዛት አስቤያለሁ። ከየቱ ልጀምር?

ቦርከና፦
ወንድሜ፣ ብርህን ያዝና መጀመሪያ ከቡፌው አውርዳቸው። ጥግ የገባ ስፒከር ቤዙ ከግድግዳዎቹ እየተመለሰ ይደራረብበታል፤ ቡፌውም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ጠንካራ በርጩማ ላይ አድርገህ ከኋላ ግድግዳ 50፣ ከጎን 70 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቃቸው። ትንሿ ስፒከር (ትዊተሯ) ስትቀመጥ ከጆሮህ እኩል ትሁን። በሁለቱ መሃል 2 ሜትር ካለ፣ አንተም ከእያንዳንዳቸው 2 ሜትር ግድም ራቅ።

ቀጥሎ ፕላስና ማይነሱን አረጋግጥ። አንደኛው ተገልብጦ ከታሰረ ቤዙ ይሳሳል፣ የዘፋኙም ድምፅ መሃል ላይ አይቆምም። አምፕሊፋየሩን አጥፋ፣ ገመዶቹን ከጀርባው ንቀል፣ ከዚያ የ1.5 ቮልት ባትሪ ፕላስ በነቀልከው ገመድ ቀይ ጫፍ፣ ማይነስ በጥቁሩ ለቅጽበት ብቻ አስነካ። የሁለቱም ስፒከር ወረቀት ወደ ውጭ መገፋት አለበት። ወደ ውስጥ የገባ ካለ የተገለበጠው እሱ ነው።

የማሲንቆው መውጋት በአብዛኛው ከባዶ ግድግዳና ከሴራሚክ የሚመለሰው ድምፅ ነው። አንተ ቦታህ ላይ ተቀመጥ፣ ሌላ ሰው መስታወት በጎን ግድግዳው ላይ እያንሸራተተ ይሂድ። ትዊተሯ በመስታወቱ የታየችህ ቦታ ላይ ወፍራም ጋቢ አጥፈህ ስቀል፤ ከግድግዳው 5 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ ድምፁን ይበልጥ ይውጣል። ፊት ለፊትህም ምንጣፍ አንጥፍ። ስስ መጋረጃ ብዙም አይረዳም፣ ጋቢውም ቢሆን ለቤዝ አይሆንም። ቤዝ የሚስተካከለው ቦታ በመለወጥ ነው።

ገራዶ፦
እምምታውን በተመለከተ፦ ላፕቶፑ በባትሪ ብቻ ሲሠራ ከጠፋ፣ ችግሩ በኧርዝ (በመሬት ሽቦው) በኩል የሚዞር የኤሌክትሪክ ጅረት ነው። ላፕቶፑንና አምፕሊፋየሩን አንድ ዲቫይደር ላይ ሰካቸው። ካልጠፋ ለድምፅ የተሠራች 1 ለ 1 ትራንስፎርመር በመሃል ይግባ፤ ርካሿ ግን ቤዝ ትቀንሳለች። የስፒናውን የኧርዝ እግር በፍጹም እንዳትቆርጥ! ውስጥ ላይ ሽቦ ቢነካ ቆርቆሮው በ220 ቮልት ይይዝሃል።

ሁሉንም ግብዓት ነቅለህም የማይጠፋ ከሆነ የፓወር ሰፕላዩ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያከማቹት ዕቃዎች) ደክመው ሊሆን ይችላል። ከመብራት ከተነቀለ በኋላም ቻርጅ ስለሚይዙ ለባለሙያ ስጠው። ስታብላይዘር መብራት ከፍ ዝቅ ሲል ዕቃህን ይጠብቅልሃል፣ ለዚያ ግዛው። ድምፅ ግን አያሳምርም፤ እንዲያውም ትራንስፎርመሩ የሲግናል ገመድ አጠገብ ከሆነ ራሱ እምምታ ያስገባል።

ኮምቦልቻ 03፦
ገመዱን በቁጥር እንየው። 5 ሜትር ገመድ ሲሄድና ሲመለስ 10 ሜትር መዳብ ነው። ውፍረቱ 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ የገመዱ ሬዚስታንስ (ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ) 0.35 ኦም፣ 1.5 ከሆነ 0.12፣ 2.5 ከሆነ 0.07 ኦም ግድም ይወጣል። ለ8 ኦም ስፒከር 1.5 በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ የምትከፍለው ለስሙ ነው። ስትገዛ የሽቦውን ጫፍ በምላጭ ፋቅ አድርገው፤ ከሥሩ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ጫፉ ከጠቆረ ቆርጠህ አዲስ ላጥ፣ ክሩን ጠምዝዘህ አስገባ። አንዲት ክር አምልጣ ጎረቤቷን ከነካች አምፕሊፋየሩን ልታቃጥል ትችላለች።

የብረት እግር ሴራሚኩን ይቧጭርብሃል። ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ አራት ቁራጭ ቆርጠህ በየስፒከሩ ሥር አድርግ።

አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ፤ ያንኑ ዘፈን፣ በዚያው ቮልዩም ስማው። ትንሽ ከፍ ያለ ድምፅ ሁሌም የተሻለ ስለሚመስል ቁልፉ የነበረበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርግበት።