ጥቆማ፦ ለካኖን 700ዲ ኦርጅናል ሌንስ ወይስ የሌላ ድርጅት? (ባሕር ዳር)

ጥያቄ
ሰላም የባሕር ዳር ሰዎች። ካሜራዬ ካኖን 700ዲ ነው፤ ያለኝ ሌንስ አብሮት የመጣው 18-55 ብቻ ነው። ሥራው ሰርግና ምረቃ ነው፤ አልፎ አልፎ ከእንግዳ ጋር ወደ ዘጌ መሻገርም አለ። 50 ኤፍ/1.8 ሌንስ፣ ፍላሽ፣ ትርፍ ባትሪ፣ ሚሞሪ እና ለሐይቁ የሚሆን ፊልተር ልገዛ ነው። ሁሉንም የካኖን ላድርግ ብል ብሩ አይበቃም። የቱ ላይ ኦርጅናሉ ግድ ነው? የቱ ላይ የሌላው ይበቃል?

መልስ
ወንድሜ፣ ሱቅ ውስጥ «ኦርጅናል» እና «ኮፒ» የሚባለውን ለሦስት ክፈለው። አንደኛው ካኖን ራሱ የሠራው ነው። ሁለተኛው ሲግማ፣ ታምሮን፣ ቶኪና፣ ዮንግኑዎ፣ ጎዶክስ በገዛ ስማቸው የሚያወጡት ነው። ሦስተኛው የካኖን ወይም የሳንዲስክ ስም የተለጠፈበት ፎርጅድ ነው። ሁለተኛውን አትፍራ፤ ሦስተኛውን በነጻ ቢሰጡህም አትቀበል። የሚገርመው ብዙ ሰው ሲግማን «ኮፒ ነው» ብሎ ይሸሽና ላዩ ላይ ካኖን የሚል ፎርጅድ ባትሪ ተደስቶ ይገዛል።

50ው ላይ የካኖኑን ኤስቲኤም (የፎከስ ሞተሩ ጸጥ ያለውን) ውሰድ። የዮንግኑዎው መስታወት ለዋጋው ክፉ አይደለም፤ ድክመቱ ሞተሩ ነው። መብራቱ ደብዘዝ ባለ አዳራሽ ውስጥ ፎከሱ ወዲያ ወዲህ ሲዋልል ሙሽሮቹ ኬኩን ቆርሰው ይጨርሳሉ። ቪዲዮ ላይ ደግሞ የሞተሩ ድምፅ ማይክ ውስጥ ይገባል። ካኖኑ እስከ 35 ሳንቲሜትር ቀርቦ ያነሣል፣ የመጀመሪያው ዮንግኑዎ ግን እስከ 45 ብቻ። ቀለበት ስታነሣ ይቺ 10 ሳንቲሜትር ትታወቃለች። የፊልተር ልካቸውም አንድ አይደለም፦ ካኖኑ 49 ሚሊሜትር፣ የመጀመሪያው ዮንግኑዎ 52፣ ሁለተኛው 58።

ለዘጌ ግን 50 አይሆንህም። የ700ዲ ሴንሰር ትንሽ ስለሆነ 50ው በ1.6 ሲባዛ የ80 ሚሊሜትር ያህል ያጠባል። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ውስጥ ሥዕሉ ያለበትን የመቅደስ ግድግዳ የምታየው ከጠባቡ ዙሪያ ሆነህ ነው፤ ወደኋላ መሸሻ የለም፣ ፍላሽም አይተኮስም። እዚያ የሚያዋጣው 17-50 ኤፍ/2.8 ነው፤ ሲግማም ታምሮንም ሠርተውታል፣ ማንቀጥቀጥ የሚቀንሰውን ምረጥ። የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል። የአንተ 18-55 ጫፉ ላይ ሲደርስ ኤፍ/5.6 ነው፤ ኤፍ/2.8 ከዚያ 4 እጥፍ ብርሃን ያስገባል። የካኖኑ 17-55 ኤፍ/2.8 ጥሩ ነው፣ ግን የዋጋውን ልዩነት ፎቶው ላይ ፈልገህ አታገኘውም።

ሌላ መልስ
በ50ው አልስማማም። ሥራው ቀን ላይ ሐይቁ ዳር ሰው ማንሣት ከሆነ ዮንግኑዎው ይበቃል። ሰርግ ስላለ ብቻ ካኖኑ ይሁን።

የሌላ ድርጅት ሌንስ ስትገዛ ካሜራህን ይዘህ ሂድ። ማስመሪያ ጠረጴዛ ላይ በ45 ዲግሪ አጋድመህ ካሜራውን በ1.2 ሜትር ርቀት በትሪፖድ ወይም በመጽሐፍ ክምር ላይ አቁመው። ኤፍ/1.8 አድርገህ መሐል ነጥቡን 15 ቁጥር ላይ አነጣጥር፤ አምስት ጊዜ አንሣ፣ በየመሐሉ ፎከሱን አበላሸው። እዚህ ርቀት ላይ ጥርት የሚለው 4 ሳንቲሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ስሕተቱ አይደበቅም። አምስቱም ወደ አንድ ወገን ካዘነበሉ ሌንሱና ካሜራው አልተግባቡም ማለት ነው። 700ዲ ደግሞ ይህን የሚያስተካክልበት ሜኑ የለውም። በስክሪኑ ስታነሣ ችግሩ ይጠፋል፣ ግን ሰርግ በስክሪን አይነሣም። ሌላ እንዲቀይሩልህ ጠይቅ።

ያገለገለ ሌንስ ከሆነ በኤፍ/8 አንሣበት፣ ዙሙንም ከጫፍ እስከ ጫፍ እየወሰድክ ድገመው። ሰፊ ቀዳዳ ላይ ሠርቶ ኤፍ/8 ላይ «ኤረር 01» ካመጣ መጀመሪያ የወርቅ ቀለም ያላቸውን ነጥቦች በንጹሕ ጨርቅ ጥረግ። ካልለቀቀ ወደ አፐርቸሩ (ቀዳዳውን ወደሚያጠበው ክፍል) የሚሄደው ስስ ሪባን ሳይበጠስ አልቀረም። ሻጩ «ትንሽ ቆሻሻ ነው» ይልሃል፤ አትስማው። ከዚያ የስልክ መብራት ከኋላ አስገብተህ ከፊት ተመልከት፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካየህ ሻጋታ ነው።

ሌላ መልስ
ፍላሽ ላይ የካኖኑን እርሳው፤ ጎዶክስ ይበቃል። የጎዶክሱ ቲቲ600 ብርሃኑን በራሱ አይለካም፣ አንተ ነህ የምትወስነው። ወዲያ ወዲህ ለሚሮጥ የሰርግ ሥራ በራሱ የሚለካው፣ ጎዶክስ ለካኖን የሠራው ቲቲ685 ይሻላል፤ ስትገዛ ካርቶኑ ላይ «ለካኖን» መሆኑን አረጋግጥ። ቲቲ600 ካሜራው ላይ ሲሰካ ሹተሩ ከ1/200 ሰከንድ አያልፍም። ጥር 11 የጥምቀት ፀሐይ ላይ በ100 አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1/200 ማለት ኤፍ/11 ገደማ ነው፤ በኤፍ/1.8 ጀርባውን አደብዝዤ ፍላሽ ልጨምር ብትል ፎቶው ነጭ ይሆናል።

ፍላሹ 4 ድንጋይ ይበላል። የተራ ሱቅ ድንጋይ ሁለት ደርዘን ሳይተኩስ ይዝላል፤ የሚሞላ ኒኬል 1.2 ቮልት፣ 1900 ወይም 2000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ያለውን ሁለት ዙር (8 ድንጋይ) ያዝ። አዲስና አሮጌ አታደባልቅ፤ ደካማው ሌሎቹን ይጎትታል።

የካሜራው ባትሪ ኤልፒ-ኢ8 ነው፤ ኦርጅናሉ 7.2 ቮልት፣ 1120 ሚሊአምፒር-ሰዓት። በዚያችው ልክ ቅርፊት ላይ 2000 ምናምን ተጽፎ ካየህ ቁጥሩ ውሸት ነው። አንዱ ኦርጅናል፣ ትርፉ በራሱ ስም የሚሸጥ የሌላ ድርጅት ይሁን። አንዳንዱ በካኖኑ ቻርጀር ላይ አይሞላም፤ መብራቱ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም ካለ የራሱን ቻርጀር ጠይቅ። አብጦ ከማስገቢያው ለመውጣት እምቢ ያለ ባትሪ ዳግም አይሞላም።

ሚሞሪ ላይ ቀልድ የለም። 64 ጊጋ የሚል ፎርጅድ ውስጡ 8 ሊሆን ይችላል፤ 8ቱ ሲያልቅ ሳይነግርህ የጠዋቱን ፎቶ ይሽረዋል። ኤች ቱ ቴስት ደብሊው በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ጢም እስኪል ጻፍበትና መልሰህ አስነብበው። በሰከንድ 20 ሜጋ ከጻፈ 64ቱ አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ከሻጩ ጋር «ካላለፈ እመልሳለሁ» ብለህ ሳትከፍል ተስማማ።

ሌላ መልስ
ለሐይቁ ፖላራይዘር እንጂ ዩቪ አያስፈልግህም። ውኃው ላይ ያለውን ነጸብራቅ በደንብ የሚቆርጠው ወደ ውኃው 37 ዲግሪ ገደማ አዘቅዝቀህ ስታይ ነው፤ ታንኳውን ከዳር ቆሞ ለማንሣት ልክ ነው። ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ስቶፕ ብርሃን ይበላልና (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል) ማታ አውልቀው። ኤስቲኤም ያልሆነው አሮጌው 18-55 ፎከስ ሲያደርግ አፉ አብሮ ይዞራል፤ ያስተካከልከው ፖላራይዘር ይበላሻል። አንድ ጥሩ 77 ሚሊሜትር ገዝተህ ለሌሎቹ ማገናኛ ቀለበት ጨምር፤ ቀለበቱ ርካሽ ቢሆን ግድ የለም፣ ፊልተሩ ግን ርካሽ አይሁን። መጥፎ መስታወት ማታ በአዳራሽ መብራት ላይ አረንጓዴ ነጥብ ይረጭብሃል።

ከሐምሌ እስከ መስከረም ሌንስ በቆዳ ቦርሳ አይቀመጥ። ክዳኑ ጎማ ያለው የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል አድርግ፤ ለ10 ሊትር ሣጥን 100 ግራም ገደማ። እርጥበት መለኪያ ካለህ ከ40 እስከ 50 በመቶ ላይ ይቆይ። የጄሉ ሰማያዊ ፍሬ ሮዝ ሲሆን በቀስታ አሙቀህ አድርቀው፤ እንጀራ በሚጋገርበት ምጣድ ላይ ግን አይደረግም፣ ሰማያዊው መርዛማ ኮባልት አለበት።

ለጢስ ዓባይ ደግሞ ሁድ (ሌንሱ አፍ ላይ የሚገባ ከለላ) ግዛ። ፕላስቲክ ስለሆነ የሌላው ድርጅት ይበቃል። ጠብታው ሌንሱ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ በእጅ ፓምፕ ንፋው፣ ከዚያ በማይክሮፋይበር ነካ ነካ አድርገው፤ አሸዋ ካለበት ሳትነፋ እንዳትጠርግ።