ሆስፒታሎች በታካሚዎች እርካታ ተመዝነው ደረጃ ይውጣላቸው?

አወያይ፦ በጎንደርና በዙሪያዋ ያሉ ሆስፒታሎች በታካሚዎች እርካታ ተመዝነው ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በደረጃ ቢቀመጡ፣ ውጤቱም ለሕዝብ ቢገለጽ ይበጃል ወይስ ይጎዳል?

ከአዘዞ፦ ይበጃል እላለሁ። ባለፈው ዓመት እናቴን በአንድ ሆስፒታል ለዘጠኝ ቀናት አስታመምኋት። ድና ወጥታለች፤ ሆኖም በእነዚያ ቀናት ሁሉ ስለ ሕመሟ ያስረዳን ሰው አልነበረም፣ መድኃኒቷ ለምን እንደተቀየረ ስጠይቅም «ካርዷ ላይ ተጽፏል» ከመባል ያለፈ መልስ አላገኘሁም። እናቴ ማንበብ አትችልም። ይህን ጉድለት የዳኑና የሞቱ ሰዎች ቁጥር አያሳየውም፤ ከታካሚውና ከአስታማሚው በቀር የሚመሰክር የለም። ሐሳቡም ለሀገራችን እንግዳ አይደለም፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የጥራት ጥምረት፣ ማለትም ሆስፒታሎች እርስ በርስ እየተማማሩ አገልግሎታቸውን የሚያሻሽሉበት መርሐ ግብር፣ መጀመሪያ ያተኮረው በታካሚዎች እርካታ ላይ ነበር።

ከማራኪ፦ እኅቴ፣ የደረሰብዎት ነገር ሊደርስ የማይገባው ነው፤ በጤና ሙያ የምሠራ እንደ መሆኔም አፍሬበታለሁ። ነገር ግን እርካታና ጥሩ ሕክምና ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ከመተማና ከሑመራ የእርሻ ቦታዎች በካላዛር፣ በአሸዋ ዝንብ በሚተላለፈውና ካልታከሙት በሚገድለው በሽታ፣ ታመው የሚመጡትን የቀን ሠራተኞች ያስቡ። የተለመደው ሕክምና ለ17 ቀናት በየቀኑ ሁለት መርፌ መወጋት ነው፤ መርፌው ያማል፣ ያቅለሸልሻልም። ያ ሰው በአሥረኛው ቀን «ረክተሃል ወይ?» ቢባል ምን እንደሚመልስ መገመት አያዳግትም፤ ሕይወቱን የሚያተርፈው ግን ያው መርፌ ነው። በአንጻሩ ለጉንፋን ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት የማያስፈልግ መሆኑን አስረድቶ ባዶ እጁን የሚሸኝ ሐኪም ይወቀሳል፣ ያለ ፍርድ የሚያዝዘው ይመሰገናል። በ2012 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመና ወደ 52,000 የሚጠጉ አዋቂዎችን የተከታተለ ጥናት፣ ከሁሉም በላይ የረኩት ታካሚዎች ከሁሉም በታች ከረኩት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በ26 በመቶ ከፍ ብሎ እንደተገኘ ገልጿል። እርካታው ገደላቸው ማለት አይደለም፤ እርካታን ለሕክምና ጥራት ምትክ አድርገን እንዳንይዘው ግን ያስጠነቅቃል።

ከአራዳ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ይሉኝታ ነው። ከቋራ ተበድራ የመጣች እናት ገና ከአልጋዋ ሳትነሣ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው መጠይቅ ይዞ ቢቀርባት «እግዚአብሔር ይስጥልን» ከማለት በቀር ምን ትላለች? ነገም እዚያው ትመለሳለች። አሜሪካኖቹ በሀገር አቀፍ መጠይቃቸው የሚጠይቁት ታካሚው ከወጣ ከ48 ሰዓት በኋላ እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ውጤቱንም ከማውጣታቸው በፊት በዕድሜ፣ በትምህርትና በጤንነት ልዩነት ያስተካክሉታል። ያለዚህ ማስተካከያ ደረጃ ብናወጣ፣ ከየወረዳው በሪፈር የሚላኩትን ከባድ ሕመምተኞች የሚቀበለው ትልቅ ሆስፒታል፣ በወረፋው ርዝመት ብቻ ቀላል ሕመም ከሚያክም ክሊኒክ በታች ይሰለፋል።

ከአዘዞ፦ የመጠየቂያውን ጊዜና ቦታ በተመለከተ ተስማምቻለሁ። እንግዲያው «ረክተዋል ወይ?» የሚለውን ትተን የሆነውን እንጠይቅ፦ መድኃኒቱ ለምን እንደታዘዘልዎት ተነግሮዎታል? ሲጠሩ የመጣልዎት ሰው ነበር? የታዘዘው መድኃኒት እዚያው ተገኘ ወይስ ከውጭ ገዙ? ካላዛር የታመመው ሰውም መርፌው እያመመው ለእነዚህ እውነተኛ መልስ መስጠት ይችላል። ውጤቱ ግን በሥራ አመራር ጠረጴዛ ላይ ብቻ ይቆይ ከተባለ አልስማማም፤ እናቴን ዝም ያላት ክፍል ከዓመት በኋላም ዝም ማለቱን ማወቅ መብቴ ነው።

ከማራኪ፦ በጥያቄዎቹ እስማማለሁ። እያንዳንዱ ክፍል ከራሱ ያለፈ ዓመት ውጤት ጋር እየተነጻጸረ በሆስፒታሉ በር ላይ ቢለጠፍም አልቃወምም። የምቃወመው ተራ ቁጥሩን ነው። ለሦስት ሰው ሥራ አንድ ነርስ የተመደበበትን ክፍል በተራ ቁጥር ብታሳፍሩት፣ ያቺው አንዷ ነርስ ትሄዳለች።

ከአዘዞ፦ የነርሶቹ ቁጥርም ከውጤቱ ጎን ይለጠፍ፤ እኔ በበኩሌ ያን ባውቅ ኖሮ ከነርሷ ይልቅ በጀቱን የያዘውን እጠይቅ ነበር።