«ላይ» እና «ሌይ»፦ ነርስ የሆናችሁ እባካችሁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። እዚህ አሜሪካ በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። ፈረቃዬ ሲያልቅ ስለ እያንዳንዱ ሰው በእንግሊዝኛ አጭር ማስታወሻ መጻፍ አለብኝ፤ ያቃተኝ እዚያ ላይ ነው።

የእንግሊዝኛው «ላይ» (lie) ሰው ራሱ ጋደም ሲል፣ «ሌይ» (lay) ደግሞ እኛ ሰውን ስናስተኛ ወይም ዕቃ ስናስቀምጥ እንደሆነ ገብቶኛል። ተኛ እና አስተኛ በሉት። ጣጣው ያለፈ ጊዜ ሲመጣ ነው። የ«ላይ» ያለፈ ጊዜ ራሱ «ሌይ» ሆኖ ቁጭ ይላል! የ«ሌይ» ደግሞ «ሌይድ» ነው። ታዲያ ሌላ ሰው የጻፈውን ሳነብ «ሌይ» ትናንት የተኙት ይሁን ዛሬ የሚያስተኟቸው ለመለየት ዓረፍተ ነገሩን ደጋግሜ አያለሁ። መዋሸትም «ላይ» መሆኑን ለጊዜው ተዉት፤ የእሱስ ያለፈ ጊዜ «ላይድ» ነው፣ አያምታታም።

ይባስ ብሎ አሜሪካኖቹ ባልደረቦቼ ሁሉንም «ሌይ ዳውን» ይሉታል። አልጋ ላይ ተኝታለች ለማለት «ሺ ኢዝ ሌይንግ ኢን ቤድ» ሲሉ ሴትዮዋ እንቁላል ልትጥል ነው እንዴ እላለሁ በሆዴ፤ ዶሮ ስትጥልም ቃሉ ይኸው ነውና። የሰዋስው መጽሐፍ «ላይንግ» በሉ ይላል። «ሃቭ» ሲጨመርበት «ሌይን» ይሆናል ይላል ደግሞ፤ ይህን ግን ከማንም አፍ ሰምቼው አላውቅም።

«ከምሳ በኋላ አልጋቸው ላይ ተኝተው ነበር» ለማለት እናንተ በማስታወሻ ላይ የትኛውን ትጽፋላችሁ? በቃል የሚይዝ ዘዴስ አላችሁ? ወይስ «ሪስቲንግ» (እያረፉ) ብዬ ልገላገል?