ለአሮጌ ሃይሉክስ የፊት መብራት ኤልኢዲ ልግዛ ወይስ ሌላ መላ አለው?

ሽንኩርት ጫኙ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሃይሉክስ አለችኝ፣ የ1994 ሞዴል፣ ደብል ጋቢና፣ 2.8 ናፍጣ። ሞተሯ ገና ጎበዝ ነው። ዓይኗ ግን ደክሟል።

ሥራዬ ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም ጭኖ አዲስ አበባ ማድረስ ነው። ገበያው ሳይሞቅ ለመድረስ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እነሳለሁ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጋሪ አለ፣ ከብት አለ፣ የኋላ መብራት የሚባል ነገር የማያውቅ ባጃጅ አለ። ባለፈው ሳምንት ዓለም ጤና ሳልደርስ አንድ ጋሪ ያየሁት አፍንጫዬ ሥር ከደረሰ በኋላ ነው። ፍሬን ረገጥኩ። ጋሪው ተረፈ፣ እኔም ተረፍኩ፣ ከላይ የነበሩት ሁለት ሳጥን ቲማቲሞች ግን እዚያው ድልህ ሆነው ቀሩ።

አጭር መብራቱ እንደ ኩራዝ ነው። አምፖሉ ኤች 4 የሚባለው ባለ ሦስት እግሩ ነው፣ 60/55 ዋት (ረዥሙ 60፣ አጭሩ 55)። መጀመሪያ አምፖሉ አርጅቶ መሰለኝና 100/90 የሚል ገዛሁ። ሻጩ «ይሄ ፀሐይ ነው» ብሎኝ ነበር። ሦስት ሌሊት እውነትም ሻል አለ። በአራተኛው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ኮፈኖውን ስከፍት የግራው ሶኬት ቀልጦ አምፖሉ ላይ ተጣብቋል። ሶኬቱን ቀይሬ ወደ ድሮው አምፖል ተመለስኩ።

የሚገርመኝ ሌላ ነገር አለ። እኔ መንገዱ አይታየኝም፤ ከፊት የሚመጡት ደግሞ ብልጭ እያደረጉ ይሰድቡኛል። ለእኔ የጨለመ መብራት እንዴት ሌላውን ያጥበረብራል?

ኤልኢዲ ገዝቼ ልገላገል? ወይስ ግቢዬ ውስጥ በራሴ የምሠራው ነገር አለ? ካቻቪቴ፣ ፒንሳና አንድ የቻይና ቴስተር አለኝ። ኤሌትሪክ ብዙ አልችልም፣ ግን አልሰንፍም።

ቪጎ ነጂ፦

ወንድሜ፣ ኤልኢዲ ግዛና ተገላገል። እኔ ቪጎዬ ላይ ካስገባሁ ዓመት አልፎኛል። የድሮውን ነቅሎ እሱን መሰካት ነው፣ 10 ደቂቃ አይፈጅም። ብርሃኑ ነጭ ነው፣ በረዶ የመሰለ። ማራገቢያ ያለውን ግዛ እንጂ ርካሹን እንዳትነካ፣ ይግላል።

የኤፍኤስአር ሹፌር፦

ከፊት የምመጣው እኔ ነኝ። ቪጎ ነጂ፣ ያ «በረዶ የመሰለ» ያልከው እኔ ዓይን ውስጥ ነው የሚዘንበው። ሌሊት ሌሊት ከሞጆ ወደ ሐዋሳ እነዳለሁ። አንድ እንዳንተ ያለ ሲያልፈኝ ከኋላው ያለው መንገድ ለሦስት አራት ሰከንድ የለም። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሦስት ሰከንድ 50 ሜትር ነው። ጭኜ 50 ሜትር በጭፍን እሄዳለሁ ማለት ነው። አጭር አድርግ ብዬ ብልጭ ሳደርግለት ደግሞ ረዥሙን ያበራና ያሳየኛል፤ ለካ የመጀመሪያው አጭሩ ኖሯል!

ሽንኩርት ጫኙ፣ እባክህ ወንድሜ፣ ሌላ መላ ካለ ሌላውን ሞክር።

አሮጌው ኤሌትሪሻን፦

ሽንኩርት ጫኙ ልጄ፣ ገንዘብህን ኪስህ አቆየው። መጀመሪያ እንለካ።

ስለ ኤልኢዲው በአጭሩ ልንገርህ። የኤች 4 አምፖል ውስጥ ሁለት ክር አለ። ከአጭሩ ክር ሥር ማንኪያ የመሰለች ትንሽ ብረት ታያለህ። ያቺ ማንኪያ ናት ብርሃኑ ወደ ላይ እንዳይተኮስ የምትከለክለው። ከኋላ ያለው አንጸባራቂ ሳህን የተቀረጸው ያ ክር ያለበትን ቦታ ታሳቢ አድርጎ ነው። ክሩ ትንሽ ከቦታው ሲርቅ ብርሃኑ ይበተናል። ብዙ ኤልኢዲ እንደ ክር አይደለም፣ በጠፍጣፋ ሰሌዳ በግራና ቀኝ የተለጠፈ ነው። አፍንጫህ ሥር ያለው አስፋልት ነጭ ሲሆን የሚታይህ ይመስልሃል። ሩቁ ጋ ግን ምንም አልጨመረም፣ የቀረው ሹፌሩ ዓይን ውስጥ ገብቷል። ለኤልኢዲ ተብሎ የተሠራ ሙሉ መብራት ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱን አልነቅፍም።

አሁን ወደ መኪናህ። ሰላሳ ዓመት ያለፈው ሽቦ ነው። ኮረንቲው ከባትሪ ተነስቶ፣ ፊውዝ አልፎ፣ መሪህ ሥር ያለውን ማብሪያ ዞሮ ነው የሚመለሰው። ሽቦው ቀጭን፣ ማያያዣው የዛገ፣ ማብሪያው ውስጡ የጠቆረ። በየቦታው ትንሽ ትንሽ ቮልት ይበላል። የሃሎጅን አምፖል፣ ያንተው ባለ ክሩ ማለቴ ነው፣ ደግሞ በዚህ ላይ ጨካኝ ነው፦ ቮልቱ 10 በመቶ ሲወርድበት ብርሃኑ 30 በመቶ ገደማ ይወርዳል።

እንዲህ ለካልኝ። ሞተሩን አስነሳ፣ አጭር መብራቱን አብራ። ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርግ። በመጀመሪያ ባትሪው ጫፎች ላይ ለካና ጻፍ። ከዚያ አምፖሉ ተሰክቶ፣ በርቶ ሳለ፣ የቴስተሩን እሾሆች ከሶኬቱ ጀርባ አስገብተህ አምፖሉ እግሮች ላይ ለካ። አምፖሉን ነቅለህ ባዶ ሶኬት እንዳትለካ! ጭነት ከሌለበት የዛገ ሽቦም ሙሉ ቮልት ያሳይሃል፣ ያታልልሃል። ቀኙንም ግራውንም ለካና ቁጥሩን አምጣልኝ።

ሽንኩርት ጫኙ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ ለካሁ። ባትሪው ላይ 13.9። የቀኝ አምፖል ላይ 11.8። የግራው ላይ 11.3። ሁለት ጊዜ ደግሜ ነው የለካሁት፣ ልዩነቱ ይህን ያህል ይሆናል ብዬ አላመንኩም ነበር።

አሮጌው ኤሌትሪሻን፦

ያው እንደጠረጠርኩት። የግራው ማግኘት ካለበት ብርሃን ግማሹን መንገድ ላይ አፍስሶታል። 90 ዋቱን ስትሰካ ደግሞ በዚያው በታመመ ሽቦ ተጨማሪ ኮረንቲ ሳብክበት። መድከም የጀመረው ሶኬት ግሎ ቀለጠ። አምፖሉ ጥፋት የለበትም።

መድኃኒቱ ሪሌ ነው፣ በትንሽ ኮረንቲ ታዝዞ ትልቁን ኮረንቲ የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ። የድሮው ሽቦ ከእንግዲህ አምፖል አይመግብም፣ «አብራ» ብሎ ሪሌውን ማዘዝ ብቻ ይሆናል ሥራው። አምፖሉ በወፍራም ሽቦ በቀጥታ ከባትሪ ይመገባል። ሁለት ሪሌ ያስፈልግሃል፣ አንዱ ለአጭር፣ አንዱ ለረዥም። ባለ 30 አምፔር ይበቃል። ሁለት 55 ዋት አምፖል 9 አምፔር ገደማ ነው የሚስበው። ሽቦው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ሶኬቶቹ የሴራሚክ። ባትሪው አጠገብ፣ ከአንድ ስንዝር ሳይርቅ፣ ለእያንዳንዱ ሪሌ ባለ 20 አምፔር ፊውዝ አስገባ። ፊውዙን ሩቅ ካስቀመጥከው ከባትሪ እስከ ፊውዝ ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውም። ያ ሽቦ ሻንሲ ከነካ መኪናህ ነው የምትቃጠለው። ይህን ሁሉ ገጣጥመው የሚሸጡት አለ። ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ አልጽፍልህም።

ሪሌው ላይ ቁጥር አለ። 30 ከባትሪ በፊውዝ አልፎ የሚመጣው ነው። 87 ወደ አምፖሎቹ ይሄዳል። 85 እና 86 ማዘዣዎቹ ናቸው፣ እነሱ ከድሮው ሶኬት ይመጣሉ። አንድ የድሮ ሶኬት ለማዘዣ ይበቃል፣ ሁለተኛውን በፕላስተር ጠቅልለህ እሰረው።

አሁን ጆሮህን ስጠኝ። ብዙ ሰው ማብሪያው ፖዘቲቩን የሚቆርጥ፣ ማሳው (ኔጌቲቩ) ሻንሲ ላይ የታሰረ ይመስለዋል። የዚያ ዘመን ብዙ ቶዮታ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ፖዘቲቩ ለሁለቱ ክሮች የጋራ ነው፣ አጭርና ረዥሙ የሚለየው በማሳው በኩል ነው። ስለዚህ 85ን ወስደህ ሻንሲ ላይ እንዳታስር። 85ን በጋራው ላይ፣ 86ን በአጭሩ ሽቦ ላይ አድርግ፤ ለረዥሙም እንደዚሁ። ሪሌ ውስጥ ያለችው ጥቅልል ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አትመርጥም፣ ሪሌው ላይ የዳዮድ (ኮረንቲን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ምልክት እስከሌለ ድረስ። ሥራ ስትጀምር የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ። አዲስ አምፖል ስታስገባ መስታወቱን በጣትህ አትንካ፣ የእጅ ቅባት ያረፈበት ቦታ ሲግል አምፖሉ ሊፈነዳ ይችላል።

ሽንኩርት ጫኙ፦

ጋሼ፣ አንድ ስህተት ሠራሁ። ነግረውኝ ነበር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ተገጣጥሞ የገዛሁት ላይ የ85 ሽቦ ጫፉ ላይ ቀለበት ነበረውና «ይሄማ ሻንሲ ላይ ነው» ብዬ በብሎን አሰርኩት። አጭሩን ሳበራ ምንም! ጨለማ። ከዚያ ቀለበቱን ቆርጬ እንዳሉት ከጋራው ሽቦ ጋር አገናኘሁት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጀምሬ 10 ሰዓት ላይ ጨረስኩ። ግማሹን ሰዓት የፈጀብኝ የግራውን መብራት ብሎን መፍታት ነው፣ ዝጎ አልፈታ አለኝ። በመሃል የሰፈር ልጆች ተሰብስበው የእጅ ባትሪ ያዙልኝ፣ ምክርም አልነፈጉኝም።

አሁን ባትሪው ላይ 13.9፣ ቀኙ 13.5፣ ግራው 13.4። አምፖሉ ያው የድሮው 60/55 ነው። ባለቤቴ ወጥታ «አዲስ መብራት ገዛህ?» አለችኝ።

የኤፍኤስአር ሹፌር፦

ጎሽ። አሁን ደግሞ ግድግዳ ፈልግ። ከፍታው ካልተስተካከለ ያ ሁሉ ብርሃን እኔው ላይ ነው የሚያርፈው።

አሮጌው ኤሌትሪሻን፦

እውነቱን ነው። ሜዳ ቦታ፣ ከግድግዳ 10 ሜትር ራቅ። የመብራቱን መሃል ቁመት ከመሬት ለካና ግድግዳው ላይ በጠመኔ አስምር። የአጭሩ ብርሃን የላይኛው ጠርዝ ከዚያ መስመር 10 ሳንቲሜትር ዝቅ ይበል። ደግሞ ባዶዋን እንዳታስተካክል። ሁልጊዜ የምትነዳው ጭነህ ነው። ባሌስትራው ሲረግጥ ቂጧ ይወርዳል፣ አፍንጫዋ ሽቅብ ያያል። ሰዎቹ ብልጭ የሚያደርጉብህ ይሄ ሳይሆን አይቀርም።

ሽንኩርት ጫኙ፦

ግቢዬ 10 ሜትር ስለሌለው ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ጋ ሄድኩ። 12 ጆንያ ሽንኩርት ጫንኩ። እውነትም ሽቅብ ታይ ነበር፣ ከመስመሩ አንድ ክንድ በላይ። በካቻቪቴ አወረድኩት።

ግን ሌላ ጉድ አየሁ። የቀኙ መብራት ጠርዝ ወደ ቀኝ ከፍ ይላል፣ የመንገዱን ዳር ለማሳየት መሰለኝ። የግራው መብራት ግን ወደ ግራ ነው ከፍ የሚለው! ልክ ከፊት የሚመጣው መኪና ባለበት በኩል። ከሁለት ዓመት በፊት ተጋጭቼ እሱን መብራት በአሮጌ ቀይሬው ነበር።

አሮጌው ኤሌትሪሻን፦

አገኘሃት። ያ መብራት በግራ ከሚነዳበት አገር የመጣ ነው፣ ከጃፓን ወይ ከታይላንድ፣ ምናልባትም በኬንያ በኩል። እኛም እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ነበር የምንነዳው፣ ያኔ ቢሆን ልክ ይሆንልህ ነበር። ወደ ታች ብታወርደውም ያ ጠርዝ አይጠፋም። ቀይረው። ስትገዛ መስታወቱን አንብብ። ክብ ውስጥ ኢ የምትል የላቲን ፊደል ካለች በአካባቢዋ ቀስት ፈልግ። ከፊት ቆመህ ስታየው ቀስቱ ወደ ቀኝህ ብቻ ካመለከተ የግራ አገር ነው፣ ተወው። ቀስት ከሌለው የእኛ ነው።

ቪጎ ነጂ፦

ሳልፈልግ እኔም ግድግዳ ጋ ሄድኩ። የእኔው መስመር የለውም። ደመና ነው። ሃሎጅኑን መልሼ ስሰካ ደግሞ ፕላስቲኩ ከቢጫነቱ የተነሳ ምንም አላሳልፍ አለ። ለካ ኤልኢዲ የገዛሁት ለዚያ ኖሯል።

አሮጌው ኤሌትሪሻን፦

ፕላስቲኩን ፀሐይ ነው የበላው። ብርጭቆ ወረቀት በውኃ እያራስክ፣ 800፣ ከዚያ 1500፣ ከዚያ 2000። ጭጋግ መስሎ ሲወጣ አትደንግጥ። አድርቀህ ፀሐይ የሚከላከል ግልጽ ቫርኒሽ ቀባው። ሳትቀባው ከተውከው ግን በጥቂት ወር ተመልሶ ይቢጫል። የጥርስ ሳሙና የሚሉህን አትስማ፣ ለአንድ ሳምንት ነው።

ሽንኩርት ጫኙ፦

የግራውን ቀየርኩ። አራት ሱቅ ዞሬ ነው ቀስት የሌለው ያገኘሁት፣ ሻጮቹ «መብራት መብራት ነው» እያሉ ሳቁብኝ። ትናንት ሌሊት ከመቂ እስከ ሞጆ ማንም ብልጭ አላደረገብኝም። አንድ ጋሪ ከሩቅ አየሁ፣ የባለጋሪውን ጋቢ ሳይቀር። ጋሼ፣ መቂ ከመጡ ሽንኩርት ከእኔ ነው።

የኤፍኤስአር ሹፌር፦

ትናንት ቆቃ ላይ ገና ሳልጠይቀው አጭር ያደረገልኝ አሮጌ ሃይሉክስ አንተ ነበርክ እንዴ? ነጭ፣ ስፖንዳው ላይ ሸራ የታሰረበት።

ሽንኩርት ጫኙ፦

የእኔዋ ቀይ ናት። ግን ሰላም በልልኝ።