«ሁኔታ» ወይስ «የውል ቃል»?

መምህሩ፦ ሰሞኑን እዚህ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ቤት ስከራይ የተሰጠኝ ቅጽ ርእሱ «ውሎችና ሁኔታዎች» ይላል፤ ከሥሩ ኪራዩ በየወሩ መባቻ እንደሚከፈል፣ የመብራቱ ሒሳብ የተከራዩ እንደሆነ ተዘርዝሯል። ወረቀቱ የያዘው አንድ ውል ሆኖ ሳለ «ውሎች» ማለት ስሕተት ነው። «ሁኔታ» ደግሞ ነገሩ ያለበት አኳኋን ነው፤ የአየር ሁኔታ እንላለን፣ በአየሩ ላይ ግን ማንም ተስማምቶ አልፈረመም። ስለዚህ ተዋዋዮች የተስማሙበት እያንዳንዱ ነጥብ «የውል ቃል» መባል አለበት።

ቡና ነጋዴው፦ መምህር፣ በዚህ አልስማማም። ሕዝቡ «ሁኔታ» የሚለውን ከባንክ ቅጽም ከስልኩም እያነበበ ለምዶታል። ደግሞስ ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው ያለውን ቡና፣ ስገዛ «በደንብ ካልደረቀ አልረከብም» የምለው ሁኔታ ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

ጠበቃዋ፦ ሐጂ፣ ምሳሌዎ የሚያግዘው መምህሩን ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1869 ጀምሮ በሁኔታ ላይ ስለተመሠረተ ግዴታ ሲደነግግ፣ ሁኔታ የሚለው ወደፊት ሊደርስም ላይደርስም የሚችለውን ነገር ነው፤ የጀንፈሉ መድረቅ እንዲህ ያለ ነው። የወር ኪራይ ግን ቁርጥ ግዴታ ስለሆነ፣ ሁለቱን በአንድ ስም ከጠራናቸው ቁርጡን ግዴታ ገና የሚጠበቅ ነገር አስመስሎ ለሚከራከር ሰው በር እንከፍታለን።

መምህሩ፦ በአንዲት ቃል የመጣውን ጣጣ እናውቀዋለን። በ1881ዱ የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ፣ አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲላላኩ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መጠቀም «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ኢጣሊያንኛው ግዴታ አድርጎት ነበር።

ቡና ነጋዴው፦ ውጫሌን ለኪራይ ቅጽ ማምጣት ትንሽ በዛ! የጠበቃዋን ልዩነት ግን ተቀብያለሁ፤ ድርቀቱ ሁኔታ ነው፣ ዋጋው አይደለም። ሆኖም «ቃል» ብቻውን ከተጻፈ፣ ለእኔ የሚሸጠው ገበሬ በአፍ የተባለውን ሁሉ ያስገባበታል፤ እሱ በኦሮምኛ «ወሊገልቴ» ሲል ውሉንም ስምምነቱንም አጠቃልሎ ነው።

ጠበቃዋ፦ እሱስ እውነት ነው። ለዚህም ነው «የውል ቃል» ተብሎ በሙሉ ይጻፍ የምለው፤ ሕጉ በጽሑፍ እንዲደረግ ካላዘዘ በቀር በአፍ የተደረገም ስምምነት ውል ስለሆነ፣ ሐጂ፣ ገበሬው ያን ያህል አልተሳሳተም።

ቡና ነጋዴው፦ እንግዲያው በሚቀጥለው የግዢ ወረቀቴ ላይ ዋጋውንና የርክክቡን ቀን «የውል ቃሎች» በሚለው ሥር አሰፍራለሁ፤ ድርቀቱን «ሁኔታ» ብዬ ለብቻው እጽፈዋለሁ። የቤት አከራዮቹን ቅጽ መምህሩ ያርሙት።