አንኮበር የማያት ወፍ ሃሚንግበርድ ናት እንዴ?

የጠባሴ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ፣ ወላጆቼ ግን አንኮበር ናቸው። አጥራችን ጥግ ሬት አለ። ሲያብብ አንዲት ወፍ ከላዩ አትጠፋም። ከሩቅ ጥቁር ናት። ፀሐይ ሲያገኛት ሐምራዊ ታብረቀርቃለች። ምንቃሯ ቀጭንና ቆልመም ያለ፣ ጅራቷ ላይ ሁለት ረጃጅም ላባ። ወንድሜ ቲክቶክ ላይ አይቶ «ሃሚንግበርድ ናት፣ የዓለም ትንሿ ወፍ!» ብሎ ድርቅ አለ። ምሳ ተወራርደናል። ማን ይጋብዝ?

ጣርማበር፦
ወንድምሽ ይጋብዝ። ሃሚንግበርድ አፍሪካ ውስጥ የለም። ከ300 በላይ ዝርያ አለው፣ ሁሉም አሜሪካ አህጉራት ላይ ነው ያለው። ያንቺዋ በተከዜ ወንዝ ስም የምትጠራው ሰንበርድ (አበባ መጣጭ ወፍ) ትመስለኛለች፣ ያውም ወንዱ። ሴቷ ግራጫ ነገር ናት፣ ዞር ብሎ የሚያያትም የለም። አበባ ስትመጥ ግንዱን ይዛ ትቀመጣለች? ተመልከቻት።

የመሐል ሜዳው፦
ልጄ፣ እኔ ኩባ ነው ያደግኩት። ከሶማሊያ ጦርነት በኋላ ወደ ወጣቶች ደሴት ከተላኩት ልጆች አንዱ ነኝ። ከትምህርት በኋላ ግሬፕፍሩት እንለቅም ነበር፤ እሱን እስካሁን አልበላም። እዚያ ዘወትር የምናየው ዙንዙን የሚሉትን አረንጓዴውን ሃሚንግበርድ ነው።

የዓለም ትንሿ ግን ዙንዙንሲቶ ናት። እሷን ያየሁት ካደግኩ በኋላ ነው፣ ሳፓታ ረግረግ አጠገብ፣ አንድ ሰውዬ ጓሮ። ወንዱ 5.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ 2 ግራም እንኳ አይሞላም። ጀርባው ሰማያዊ፣ ሆዱ ነጣ ያለ። በመራቢያው ወቅት ራሱና ጉሮሮው ፍም ይመስላል። ሴቷ ትንሽ ትበልጠዋለች፣ ቀይ ግን የላትም። ጎጆዋን በሸረሪት ድርና በዛፍ ልጣጭ ትሠራለች። አበባ ላይ አትቀመጥም፤ አየር ላይ ቀጥ ብላ ቆማ ነው የምትመጠው። ክንፏ በሰከንድ እስከ 80 ጊዜ ይመታል፣ ዓይን አይዘውም። ከኩባ ውጭ የትም አትኖርም። ደኑ ለእርሻና ለከብት ሲመነጠር እሷም እየሳሳች ነው።

ቆንጆነትን ካነሳን የኛዋም አታንስም፣ እኔ አላዳላም።

የጠባሴ ልጅ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ! አዎ፣ ግንዱን ይዛ ነው የምትመጠው። ወንድሜ ግን እጅ አልሰጠም። አመሻሽ ላይ አበባው ዘንድ የሚመጣ ሌላ አለ፣ እሱ አየር ላይ ቆሞ አበባውን ይመጥጣል እያለ ነው። እኔም አይቼዋለሁ፣ ቡናማ ነው።

ጣርማበር፦
ያ ወፍ አይደለም፣ የእሳት ራት ነው። በስልክ ባትሪ አብርታችሁ እዩት። ራሱ ላይ ሁለት ቀጫጭን ቀንድ ነገር አለው። ምንቃር የመሰላችሁ ምላሱ ነው፤ ጠጥቶ ሲጨርስ ይጠቀልለዋል። ምሳውን የሚጋብዘው አሁንም ወንድምሽ ነው።