ላዮል የሚባለው የፈረንሳይ ከተማ ከሰንጢው ሌላ ምን አለው?

መንገድ ወዳዷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን አንድ ሰንጢ በስጦታ ደረሰኝ። እጀታው ቀንድ ነው፣ ጀርባው ላይ ንብ ተቀርጻበታለች፣ ስለቱ ላይ «ላጊዮል» የሚል ተጽፏል። ከጀርባው ሌላም የሚወጣ ነገር አለው፤ ግን ጥፍሬ እስኪሰበር ታግዬ እምቢ አለኝ። እኔ የኩባንያ ስም መስሎኝ ነበር፣ ለካስ ከተማ ኖሯል! በፈረንጆቹ ሜይ መጨረሻ ለሥራ ወደ ደቡብ ፈረንሳይ እሄዳለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ነፃ ነኝ። ሄዶ ማየት ያዋጣል ወይስ የሰንጢ ሱቅ ብቻ ነው? ደግሞ ንቧን ናፖሊዮን ነው የሰጣቸው የሚሉት እውነት ነው?

የደጋ ሰው፦
መጀመሪያ ስሙን እናስተካክል። አጻጻፉ እንደዛ ይሁን እንጂ የአገሬው ሰው «ላዮል» ነው የሚለው። ቃሉ የመጣው ከጥንቱ የአካባቢው ቋንቋ ከኦክሲታን ነው፣ ትንሿ ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው። እዚያ ሄደሽ «ላጊዮል» ካልሽ ማንም አይቆጣሽም፣ ግን እንግዳ መሆንሽ ወዲያው ይታወቃል።

ቦታው አቬሮን በሚባለው አውራጃ፣ ኦብራክ በሚባለው አምባ ላይ ነው። ከፍታው 1,000 ሜትር ገደማ። አምባው ራሱ በሦስት አውራጃዎች መካከል ተከፋፍሏል፣ አቬሮን፣ ካንታልና ሎዜር። ከፍተኛው ጫፍ 1,469 ሜትር ነው። ቁጥሩ ሲሰሙት ብዙ አይመስልም፣ ግን በዚያ ኬክሮስ ላይ ክረምቱ ቀልድ አይደለም፤ ዛፍ የሌለው ሜዳ ነው፣ ነፋሱን የሚያቆመው ነገር የለም። ከሥሩ ግራናይት ነው፣ ከላዩ የድሮ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ባዛልት። ቤቱም አጥሩም በዚሁ ድንጋይ የተሠራ ነው።

ከተማዋ ራሷ ትንሽ ናት፣ ነዋሪዋ ከአንድ ሺህ ብዙም አይበልጥም። ከላይ ቤተ ክርስቲያን፣ ከታች የከብት ገበያ የሚቆምበት አደባባይ። አደባባዩ ላይ በፈረንጆቹ ከ1947 ጀምሮ የቆመ የነሐስ ኮርማ አለ። ፊት ለፊቱ ስትቆሚ በቀንዱ ሊያነሳሽ የመጣ ነው የሚመስለው።

ሰንጢ ሰብሳቢ፦
የንቧን ጉዳይ ለእኔ ተዉልኝ። ናፖሊዮን የሞተው በፈረንጆቹ በ1821 ነው። ፒዬር ዣን ካልሜልስ የሚባለው አንጥረኛ ይህን ሰንጢ የሠራው በ1829 ነው። ሒሳቡን አንቺው ሥሪው። ንቧ የመጣችው ከዚያም ብዙ ዘግይታ፣ 20ኛው ክፍለ ዘመን ከገባ በኋላ ነው። ጀርባው ላይ ያለውን የሞላ (የስፕሪንግ) ጫፍ ለማስጌጥ ነው የተቀረጸችው፣ ሌላ ምስጢር የላትም።

እኔን የሚገርመኝ ግን ከስለቱ ጋር የተጨመሩት ነገሮች ናቸው። በ1840 አካባቢ ወስፌ ገባበት። ለምን? እርጥብ ሳር በልታ የተነፋች ላም ቶሎ ካልተረዳች ትሞታለች፣ እረኛው ጎኗን ወግቶ ጋዙን ያስወጣላታል። በ1880 ደግሞ የቡሽ መክፈቻ መጣ። በዚያ ዘመን ደጋው ሕዝቡን አላበላ ብሎ ወጣቱ ወደ ፓሪስ ይጎርፍ ነበር፤ መጀመሪያ ውኃ እየተሸከመ፣ ቀጥሎ ከሰል እየሸጠ፣ ከዚያ ከሰሉ ጎን ወይን ጠጅ እየቀዳ ብዙው የቡና ቤት ባለቤት ሆነ። ብራሰሪ ሊፕ የሚባለውን ዝነኛ የፓሪስ ምግብ ቤት በ1920 የገዛው ማርሴላን ካዝ የላዮል ልጅ ነው። ቡሽ የሚከፍትለት ሰንጢ የፈለገው እንግዲህ ይሄ ሰው ነው።

አሁን የሚያናድደው ክፍል። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ሥራው ቀስ በቀስ ከላዮል ጠፍቶ ቲዬር ወደሚባለው የቢላዋ ከተማ ሄደ፤ ላዮል ላይ እንደገና የተነሳው በ1980ዎቹ ነው። ያኔ ከተሠሩት ፋብሪካዎች አንዱን የነደፈው ዝነኛው ዲዛይነር ፊሊፕ ስታርክ ነው፣ ጣሪያው ላይ 18 ሜትር የሚሆን ስለት ተተክሎበታል፣ ከሩቅ ይታያል። በ1993 ደግሞ ከከተማዋ ጋር ምንም የማይገናኝ ነጋዴ ስሙን በንግድ ምልክትነት አስመዘገበና ለተለያየ ዕቃ ያከራየው ጀመር። ነዋሪው ከሰሰ፣ በ2012 ተረታ። ያኔ ተሰብስበው የከተማቸውን መግቢያ ታፔላ ነቀሉት፣ ስማችን ካልሆነ ምን ያደርግልናል ብለው። በ2019 ይግባኝ ሰሚው ብዙዎቹን ምልክቶች ሰረዘላቸው። ሰንጢውን በተመለከተ ግን ስሙ የዓይነት መጠሪያ ነው ስለተባለ ቻይና የተሠራውም «ላጊዮል» ሲባል ቆይቷል።

መንገድ ወዳዷ፦
ውይ፣ ታዲያ የእኔ የት እንደተሠራ በምን አውቃለሁ? እሺ ሰንጢውን እንተወው። ላሞቹ አሁንም አሉ?

የደጋ ሰው፦
አሉ እንጂ! የኦብራክ ላም ቡላ ወይም ዳማ ናት፣ ቀንዷ ወደ ላይ የተቀለሰ፣ ዓይኗ ዙሪያውን ጥቁር ስለሆነ ኩል የተኳለች ነው የምትመስለው። ዘሩ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር፣ ለጥቂት ነው የተረፈው። በጊዜ ዕድለኛ ነሽ፤ ሜይ 25 አካባቢ ባለው ቅዳሜና እሁድ ከብቱ አበባና ትልልቅ ቃጭል ታስሮለት ወደ አምባው ይወጣል። በልማዱ የሚወርደው ኦክቶበር 13 ነው።

ድሮ እነዚያን ወራት ወንዶቹ ብቻ አምባው ላይ ቡሮን በሚሉት የድንጋይ ቤት ያሳልፏቸው ነበር። ላሟ ጥጃዋን ሳታይ ወተት አትለቅም። ስለዚህ አንዱ ልጅ በየተራ ጥጃ እያመጣ ትንሽ ያጠባና ከእግሯ አጠገብ ያስረዋል፣ አላቢው ከዚያ ይጀምራል። ፎርማጆው እዚያው ይሠራል፣ አጓቱን አሳማ ይጠጣዋል። ዛሬ ቡሮኖቹ ባዶ ናቸው ወይም በበጋ ምግብ ቤት ይሆናሉ። የላዮል ፎርማጆ ግን ከ1961 ጀምሮ ስሙ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ባልፈላ ወተት ይሠራና ቢያንስ አራት ወር ይቆያል። ለሰንጢው ያልሆነ ሕግ ለፎርማጆው ሆነ።

አሊጎ ሳትበዪ እንዳትመለሺ። የተፈጨ ድንች ከለጋ ፎርማጆ ጋር ተማስሎ የሚሠራ ነው፣ ማማሰያውን ስታነሺው ክንድሽን ያህል ይሳባል።

ዝም ብዬ አንባቢ፦
ገብቼ ልጨምር። ኦብራክ የምትባለውን መንደር እንዳትዘያት፣ ከላዮል ወደ 20 ኪሎ ሜትር ናት። በ1120 አካባቢ አዳላር የሚባል የፍላንደርስ (የዛሬው ቤልጂየም አካባቢ) ባላባት ለተሳላሚዎች ማረፊያ የሠራባት ናት፤ ለ ፒዊ ከሚባለው የፈረንሳይ ከተማ ተነስተው ስፔን ወዳለችው ሳንቲያጎ ለመሳለም የሚሄዱት ያልፉባታል። ጉምና የበረዶ ውሽንፍር ሲሆን መነኮሳቱ «የጠፉት ደወል» የሚሉትን ይደውሉ ነበር፣ መንገደኛው ድምፁን ተከትሎ እንዲመጣ። ቤተ ክርስቲያኑ አሁንም ቆሟል።

መኪና ተከራዪ፣ አውቶቡስ እጠብቃለሁ ብለሽ ቅዳሜሽን እንዳታቃጥይ። ሰንጢውን ደግሞ የእጅ ቦርሳሽ ውስጥ ይዘሽ አውሮፕላን ማረፊያ እንዳትሄጂ፣ እኔ የአባቴን አንድ ሰንጢ እንደዛ ነው ያስወሰድኩት። እስካሁን ያንገበግበኛል።

መንገድ ወዳዷ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ መኪናውን ዛሬውኑ እይዛለሁ። ያ እምቢ ያለኝ ነገር በሳንቲም ፈልቅቄ ወጣልኝ። የቡሽ መክፈቻ ነው። ወስፌ የለውም። የእኔ እንግዲህ የእረኛው ሳይሆን የፓሪሱ ከሰል ሻጭ ነዋ!